ግራዋ አስቀድሞ ለንብ፣ ቀጥሎ ለበሬ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አገር ምድሩ አበባ ይሆናል። ሜዳው በአደይ አበባ፣ የማሳው ዳር በሜጭ ቢጫ ይለብሳል። ይሁን እንጂ የዚህ ውበት ዕድሜ አጭር ነው። ጥቅምት ተገባዶ ኅዳር ሲገባ አደዩ ይረግፋል፤ ሣሩ ይደርቃል፤ ሰብሉም ታጭዶ ወደ አውድማ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መንደሩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው፣ ከቤቱ ጀርባ ከአመድ መድፊያው አጠገብ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ አንድ ቁጥቋጦ ይኖራል። ይኸውም ግራዋ ነው። ሌላው ዕፅ በድርቀት ሲጠወልግ፣ እርሱ እንደየቦታው ከመጸው ማብቂያ አንሥቶ በበጋው ወራት ነጫጭ አበባውን በየቅርንጫፉ ጫፍ ያወጣል።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፣ ይህን ተክል ማንም ያውቀዋል፤ ነገር ግን እንደ ሀብት የሚቆጥረው ጥቂት ነው። ቦታ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚመነጠረው እርሱ ነው። ለአጥርና ለማገዶ ሲታሰብም አስቀድሞ መጥረቢያ የሚያርፍበት እርሱ ነው። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በየቀበሌያቸው ለልማት የሚሆን ነገር ሲፈልጉ ዓይናቸውን ከሩቅ በሚመጣ ችግኝ ላይ ከመጣላቸው በፊት፣ በየአባሉ ጓሮ ያለውን ግራዋ ቆም ብለው ቢመለከቱት ብዙ ያተርፋሉ።

ድርቅ ለኢትዮጵያ ገበሬ የወሬ ነገር አይደለም። የ1966ቱና የ1977ቱ ዓ.ም. እልቂት እስከ ዛሬ ይነገራል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሳቢያ ዝናቡ በመዛባቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ እንደነበረ ይታወሳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜም በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች በመቅረቱ ከብቱ አልቆ አርብቶ አደሩ ባዶ እጁን ቀርቷል። አንድ የጓሮ ቁጥቋጦ እንዲህ ያለውን መቅሠፍት ያስቆማል የሚል አይኖርም። ሆኖም ድርቅ አንድን ቤተሰብ የሚጥለው በአንድ ቀን አይደለም። በመጀመሪያ ንቡ ይሰደዳል፤ ቀጥሎ በጉና ፍየሉ ይከሳል፤ በመጨረሻም በሬው ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ለአንድ ወር ማቆየት የቻለ ቤተሰብ ከማያቆየው ይልቅ በእግሩ የመቆም ዕድል አለው። የግራዋ ጥቅም የሚመዘነው በዚህ ነው።

ተክሉ የአገሩ ተወላጅ ነው

በሳይንስ ስሙ ቨርኖኒያ አሚግዳሊና የሚባለው ይህ ተክል አፍሪካ በቀል ነው። በኦሮምኛ ኤቢቻ ይባላል። ከቆላ እስከ ወይና ደጋ፣ ከዚያም አልፎ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2800 ሜትር አካባቢ በሚደርስ ከፍታ ይበቅላል። አመዳይ በሚበዛበት ከፍተኛ ደጋ ግን አይመችም። አንዴ ሥር ከሰደደ በየዓመቱ መዝራትና ውሃ ማጠጣት ሳያስፈልገው ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ካልተቆረጠ ከቁጥቋጦነት አልፎ ትንሽ ዛፍ ይሆናል። ለዘመናት ከዚህ አፈርና ከዚህ የአየር ጠባይ ጋር የተላመደ በመሆኑ የበጋውን ድርቀት ችሎ ያልፋል።

በእናቶች ዘንድ ያለው ቦታ ደግሞ የታወቀ ነው። የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ፣ በወይራ ታጥኖ ካልሆነ ጠላው ጣዕም አይኖረውም ይባላል። በምዕራብ አፍሪካም የናይጄሪያና የካሜሩን ሕዝቦች ቅጠሉን ደጋግመው አጥበው ምሬቱን ካወጡ በኋላ በወጥ ይበሉታል። እንስሳትም ሳይቀሩ ያውቁታል። በኅዳር ወር 1980 ዓ.ም. በታንዛኒያ የማሃሌ ተራሮች አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ የግራዋ ለጋ ግንድ ልጣ ውስጡን ስታኝክ፣ ከአንድ ቀን በኋላም ስትበረታ ተመራማሪው ማይክል ሃፍማንና የታንዛኒያው ተወላጅ ሞሐመዲ ሰይፉ ካሉንዴ ተመልክተዋል። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርምር በተክሉ ውስጥ ያሉት መራራ ቅመሞች በጥገኛ ትሎች ላይ ኃይል እንዳላቸው ታውቋል። ይህ ሲባል ግን የታመመ ሰው ጤና ጣቢያውን ትቶ ወደ ጓሮው ይሂድ ማለት እንዳልሆነ ሊሰመርበት ይገባል።

ለንቡ የበጋ ቀለብ

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት። ዋናው ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር፣ ከአደይና ከሜጭ አበባ በኋላ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ማሩ ከተቆረጠ በኋላ ቀፎው ባዶ ይሆናል፤ ሜዳውም ባዶ ነው። ንብ አናቢው በሶ፣ ሽሮና የስኳር ውሃ እያቀረበ ሊያቆያቸው ይሞክራል። ይህን ማድረግ ያልቻለው ደግሞ አንድ ማለዳ ሲነሣ ንቦቹ ቀፎውን ጥለው ሄደው ያገኛል። የሄደ ንብ በማግሥቱ ዓመት ማር አይሰጥም፤ አዲስ መንጋ እስኪገባም ቀፎው ቆሞ ይከርማል።

የግራዋ አበባ የሚፈካው በዚህ የጭንቅ ወቅት ነው። ንቦች ከአበባው ሁለቱንም፣ ወለላውንም ጽጌ ብናኙንም ያገኙበታል። ከየቤቱ ጓሮ አንድ አንድ ረድፍ ግራዋ ያለው መንደር ለንቦቹ በበጋው መካከል የተዘረጋ ማዕድ አለው ማለት ነው። በየገጠሩ ተደራጅተው ዘመናዊ ቀፎ የተረከቡ ወጣቶች በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ተስፋ የሚቆርጡበት አንዱ ምክንያት፣ ቀፎው ሲታደል ንቡ በበጋ የሚቀስመው አበባ አብሮ ስላልታሰበ ነው። ቀፎ ያለ አበባ፣ ገበታ ያለ እንጀራ መሆኑን መሪዎቹ ሊገነዘቡት ይገባል።

እዚህ ላይ በብዙ ቦታ የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ። የግራዋ አበባ የሚወጣው በቅርንጫፉ ጫፍ ነው። በመስከረምና በጥቅምት አውድማ ለመጥረግ፣ አጥር ለመጠገን ወይም ለማገዶ ሲባል ጫፉ ከተከረከመ፣ ተክሉ ባይሞትም የዚያን ዓመት አበባ ያጣል። በአንድ ማለዳ መጥረቢያ የሚጠፋው የሁለት ወር የንብ ቀለብ ነው። ስለሆነም ከመስከረም ጀምሮ አበባው እስኪያልቅ ድረስ የግራዋ ጫፍ እንዳይነካ ማድረግ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ውጤቱ ግን በቀፎው የሚታይ ሥራ ነው።

ለበሬው የማረሻ አቅም

አበባው ካለቀ በኋላ ደግሞ ተራው የበሬው ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለከብት ክፉ ጊዜ ነው። ግጦሹ አልቋል፤ የተረፈው ገለባ ብቻ ነው። የመሬቱ እርሻ የሚጀምረውም በዚሁ ወቅት ነው። በሬው በጣም በሚደክምበት ወር ነው ከባዱ ሥራ የሚጠበቅበት። የጤፍ ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 5 እጅ አካባቢ ነው። የግራዋ ቅጠል ግን ደርቆ ሲመዘን ከመቶ 20 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ነው። በመሆኑም ጥቂት የግራዋ ቅጠል ከገለባው ጋር ሲደባለቅ ከብቱ ገለባውን በተሻለ ሁኔታ እንዲጠቀምበት ያደርጋል።

አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግራዋ ብቻውን መኖ አይደለም፤ የገለባ ማባያ ነው። መራራ በመሆኑ ያልለመደ ከብት መጀመሪያ ሊተወው ይችላል። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቅጠሉ በጥላ ሥር አንድ ቀን ያህል ከጠወለገ በኋላ፣ በጥቂት በጥቂቱ ከገለባ ጋር እየተደባለቀ፣ መጠኑም ቀስ በቀስ እየጨመረ ቢሰጥ ይለምደዋል። በግና ፍየል ቶሎ ይቀበሉታል። ቅጠሉ ከተራገፈ በኋላ የሚቀረው ጭራሮ ለማገዶ ይውላል። በዚያው ልክ ኩበት ሆኖ ይነድ የነበረው ፍግ ወደ ማሳ ሊመለስ ይችላል።

አተካከሉ እንዴት ነው?

ግራዋን ለማባዛት የችግኝ ጣቢያ፣ የላስቲክ ከረጢትና የጭነት መኪና አያስፈልግም። ዘሩ እጅግ ደቃቅና በነፋስ የሚበር በመሆኑ በዘር ማፍላት ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀላሉ መንገድ በቁራጭ መትከል ነው።

ለዚህም በግንቦት ቅጠሉ ለከብት ሲቆረጥ ጥቂት ጤነኛ ቅርንጫፎች ለተከላ ሳይነኩ ይተዋሉ። በሰኔ ዝናቡ ሲጸና፣ አፈሩም በደንብ ሲርስ፣ ለጋ ያልሆነ ነገር ግን ያላረጀ፣ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ይመረጣል። በስለታም ቢላዋ ወይም ማጭድ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት እየተደረገ፣ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት አንጓ እንዲኖረው ሆኖ ይቆረጣል። ከላይ ያለው ቅጠል ይራገፋል። የታችኛው ጫፍ በሰያፍ፣ የላይኛው ቀጥ ብሎ ቢቆረጥ በተከላ ጊዜ የትኛው ወገን ወደ መሬት እንደሚገባ ለመለየት ይረዳል። ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ አይጸድቅምና ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ሊናቅ አይገባም።

የተቆረጠው በዚያው ዕለት ቢተከል ይመረጣል። ማደር ግድ ከሆነ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ በጥላ ሥር መቀመጥ አለበት። ከርዝመቱ ሁለት እጁ በአፈር ውስጥ ገብቶ አንድ እጁ ከላይ እንዲቀር፣ ጥቂት ዘመም ተደርጎ ይተከላል፤ ዙሪያውም በእግር ይረገጣል። ለአጥርና ለመኖ በግማሽ ሜትር ርቀት በአንድ ረድፍ መትከል ይበቃል። ዛፍ እንዲሆን ከተፈለገ ርቀቱ ሰፋ ይላል። በእርከን ጠርዝ ላይ ቢተከል ደግሞ አፈሩን ለመያዝ ያግዛል።

የመጀመሪያው ዓመት ወሳኝ ነው። ግራዋ ድርቅን የሚችለው ሥር ከሰደደ በኋላ እንጂ በተተከለ ማግሥት አይደለም። አረሙ ሊነቀልለት፣ ሥሩ በደረቅ ሣር ሊሸፈንለት፣ ከከብት አፍም ሊጠበቅ ይገባል። ከተቻለ የልብስና የዕቃ ማጠቢያው ውሃ በበጋው ይፈስስለታል። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉ ባይቆረጥ ይመረጣል። በሁለተኛው ዓመት፣ ተክሉ ከሰው ትከሻ ሲደርስ፣ ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ያህል ትቶ መቁረጥ ይቻላል። ያን ጊዜም ቢሆን ረድፉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ማራቆት አይገባም፤ እያፈራረቁ መቁረጥ ተክሉን ያቆየዋል።

የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይቆጠር

ባለፉት ዓመታት ችግኝ ተከላ የአገር ሥራ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጿል። ሕዝብን ለአንድ ሥራ በአንድ ቀን ማነሣሣት ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በየቀበሌው ያለ ገበሬ የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። በሐምሌ የተተከለው ችግኝ በጥር ሲታይ ብዙው በቦታው አይገኝም። በክረምት የተቆፈረው ጉድጓድ በበጋ የከብት ዱካ ይሆናል። ሪፖርቱ ላይ ግን የሚሠፍረው የተተከለው ቁጥር እንጂ የጸደቀው አይደለም።

ይህ ጉድለት የሚታረመው ከላይ በሚመጣ መመሪያ ብቻ አይደለም። በገበሬ ማኅበር ደረጃ ሊታረም ይችላል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት የተቋቋሙት ማኅበራት ዛሬ በብዙ ቦታ ቀበሌ አስተዳደር ቢባሉም፣ ሕዝቡ በቀድሞው ስም ይጠራቸዋል፤ በመሪዎቹም ላይ እምነቱን ይጥላል። እንግዲህ መሪው በሰኔ ስንት ተተከለ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ በጥር ከጓሮ ጓሮ ዞሮ ስንት ጸደቀ ብሎ ቢቆጥር የሥራው መልክ ይለወጣል። የጓሮ ተክል ባለቤት አለው፤ ዓይንም አይለየውም። በተራራ ላይ የማንም ሆኖ ከሚተከለው ይልቅ በቤት ጀርባ የአንድ ቤተሰብ ሆኖ የሚተከለው የመጽደቅ ዕድሉ የበለጠ ነው።

ለምሳሌ 400 አባወራዎችና እማወራዎች ባሉበት ቀበሌ እያንዳንዱ ቤተሰብ 20 ቁራጭ ቢተክል በጠቅላላው 8000 ይሆናል። 20 ቁራጭ በግማሽ ሜትር ርቀት ሲተከል የሚይዘው 10 ሜትር ያህል የአጥር ዳር ብቻ ነው። ግማሹ እንኳ ቢደርቅ 4000 ግራዋ ለመንደሩ ይቀራል። የወጣውም ገንዘብ የለም።

ከመሪዎች ምን ይጠበቃል?

አንዳንድ አባላት መሬቱ ጠባብ ነው፣ ለግራዋ የሚሆን ቦታ የለም ማለታቸው አይቀርም። አነጋገራቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ግራዋ ግን የእህል ማሳ አይጠይቅም፤ ቦታው አጥር ዳር፣ የእርከን ጠርዝና የቤት ጀርባ ነው። ሌሎችም ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያመጣል፣ ግራዋ ምን ያመጣል ይሉ ይሆናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለሽያጭ የሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ሆኖም ከጓሮ አትክልትና ከማሳ አጠገብ ሲተከል ውሃውን ይሻማል፤ ከሥሩም እህል አይበረታም። ባሕር ዛፍ ለብቻው በተለየ ቦታ፣ ግራዋ በጓሮ ቢሆን ሁለቱም በየቦታቸው ይጠቅማሉ።

ከባዱ ጉዳይ ልቅ ግጦሽ ነው። እህል ከታጨደ በኋላ የማንም ከብት በማንም ማሳና ጓሮ የሚሰማራበት ልማድ ባለበት፣ አዲስ የተተከለ ነገር ሁሉ የሚቀረው ለዚያ ነው። ይህን አንድ ገበሬ ብቻውን ሊከላከለው አይችልም፤ ጎረቤቱን ማስቀየም ይሆንበታል። በጉባኤ ተመክሮ፣ በመተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ፣ በሽማግሌዎች ሲጸና ግን የሁሉም ሕግ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስምምነት ማምጣት ከመሪው በቀር ማንም ሊያደርገው የማይችል ሥራ ነው።

የፀረ አረምና የፀረ ተባይ መድኃኒት ነገርም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። በጤፍና በስንዴ ማሳ የሚረጨው ቱፎርዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ዕፀዋት ስለሚያጠፋ፣ በነፋስ ተወስዶ ግራዋውንም ሊጎዳ ይችላል። ነፋስ ባለበት ሰዓት አለመርጨት ቀላል ጥንቃቄ ነው። የተባይ መድኃኒት ደግሞ ንቦች አበባ ላይ በሚውሉበት ሰዓት ሳይሆን ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ለንብ አናቢዎችም አስቀድሞ ተነግሮ ሊረጭ ይገባል። የአንዱ ማሳ መድኃኒት የሌላውን ቀፎ ባዶ አድርጎ ያስከተለው ጠብ በየሽማግሌው ፊት ቀርቧል።

ከሁሉም በላይ ሴቶች በዚህ ጉዳይ በስብሰባው ዳር የሚቀመጡ ሊሆኑ አይገባም። የጓሮው ባለሙያ እነርሱ ናቸው። የትኛው ግራዋ ቅጠሉ እንደሚበዛ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚያቆጠቁጥ የሚያውቁት በየቀኑ የሚቆርጡት እናቶች ናቸው። ለተከላ የሚሆነው ቁራጭ ከየትኛው እናት ተክል ይወሰድ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከእነርሱ ይገኛል።

መሪውም ቢሆን በቃሉ ብቻ ሊያስተምር አይችልም። አባላቱ አስቀድመው የሚያዩት የእርሱን ጓሮ ነው። የራሱ አጥር ዳር ባዶ የሆነ ሰብሳቢ ስለ ግራዋ ቢናገር ሰሚ አያገኝም። የእርሱ ረድፍ በጥር አብቦ ንብ ሲያፏጭበት ከታየ ግን ስብሰባ ሳይጠራ ትምህርቱ ይዳረሳል።

እንግዲህ ሥራው የሚመራው በዓመቱ ወቅት ነው። ከመስከረም ጀምሮ አበባው እስኪያልቅ ግራዋ የንቡ ነው፤ ጫፉ አይነካም። ከዚያ እስከ ግንቦት የበሬው ነው፤ በልክ ይቆረጣል። በሰኔ ደግሞ የመሬቱ ነው፤ ቁራጩ ይተከላል። በተከታዩ ጥርም መሪው ይዞራል፤ የጸደቀውን ይቆጥራል፤ የጎደለው በሚመጣው ሰኔ ይተካል። ይህን ሥርዓት ሁለትና ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ የጠበቀ ማኅበር ዝናብ በሚዘገይበት ዓመት ንቡ ከቀፎው፣ በሬውም ከቀንበሩ ሳይለይ የመቆየት ተስፋ ይኖረዋል።